ደሴ–ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ በሁለት ዓመት ፍሪሲዮን ሁለቴ አለቀብኝ፤ ምን እያጠፋሁ ነው?

የሐረጎ ተመላላሽ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ቤቴ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣዋለሁ። መኪናዬ ማንዋል ኮሮላ ናት፤ ኢንጀክሽን እንጂ ካርቡሬተር አይደለችም። ከገዛኋት ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ፍሪሲዮን (ክላች) ግን ሁለቴ ጨርሳለች። የመጀመሪያው ሲያልቅ «የቀድሞው ባለቤት የጨረሰው ነው» ብዬ ተጽናናሁ። ሁለተኛውን ግን የጨረስኩት እኔው ነኝ። ከኔ በቀር የነዳት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ከፊቴ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወጣል። አስር ሜትር እንሄዳለን፣ እንቆማለን፤ ደግሞ አስር ሜትር። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትራመድም። ልጄ ከኋላ «አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የከባድ መኪና መብራት በጭጋጉ ውስጥ ሲመጣ በጣም ፈራሁ። ለራሴ ሳይሆን ለልጅቷ።

አሁን ሦስተኛውን ላስገጥም ነው። ከዚያ በፊት አነዳዴን ማስተካከል እፈልጋለሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

የአይሱዙ ሰው

ልጄ፣ አብሽር። እንኳን በሰላም ቤትህ ገባህ።

እኔ ያንን መንገድ ከ20 ዓመት በላይ በአይሱዙ ሠርቼበታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲኖትራኩ ሲቆም አንተ መኪናህን ዳገቱ ላይ በምን ነበር የያዝካት? በፍሬን ነው ወይስ በፍሪሲዮን?

የሐረጎ ተመላላሽ

ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር በፍሪሲዮን ነው። ግማሽ ረግጬ ትንሽ ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መንጃ ፈቃድ ሳወጣም ባላንስ ብለው ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

የአይሱዙ ሰው

በል፣ በሽታህ ተገኘ።

ልጄ፣ ባላንስ መነሻ ነው። ማረፊያ አይደለም። ፍሪሲዮን ሙሉ ሲረገጥ አያልቅም፣ ሙሉ ሲለቀቅም አያልቅም። የሚያልቀው በመሃል ነው። አንተ ሐረጎ ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ መሃል ላይ አቁመኸው ነበር።

በኛ ጊዜ ረዳት ታኮ ይዞ ነበር የሚሄደው። ዳገት ላይ ከቆምን ዘሎ ይወርዳል፣ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ይከታል፤ እኔም እግሬን ከፍሪሲዮን ላይ አነሳለሁ። መንገድ ሲከፈት ያፏጭልኛል፣ እነሳለሁ፣ ታኮውን አንስቶ እየሮጠ ይደርስብኛል። ስድስት ቶን ጭነን በዚህ ዓይነት ነው ደሴ የምንገባው። ያንን ሁሉ ክብደት በፍሪሲዮን ልያዝ ብል የጦሳን ተራራ ሳላይ ጭሱን አይ ነበር።

የቤት መኪና ታኮ አያስፈልጋትም፣ የእጅ ፍሬን አላት። ከአምስት ሰከንድ በላይ የምትቆም ከመሰለህ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ዜሮ አድርግ፣ ግራ እግርህን ወለሉ ላይ አሳርፍ።

ጋራዥ ቧንቧ ውሃ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ሲወርድ የማየውን ልንገራችሁ፤ ፍሪሲዮን በምን እንዳለቀ ራሱ ይናገራል።

ሸራው (ዲስኩ ላይ ያለው የሚፋተገው ልባስ) እኩል ተበልቶ፣ ሪቬቱ ጋ ከደረሰና ሌላ ጉዳት ከሌለው ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሄደው። ሹፌሩ ጎበዝ ነው። ሸራው ጠቁሮ፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት) ላይ ደግሞ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ብረቱ በሙቀት ተቃጥሏል። ይህ የአነዳድ ነው። ሸራው በዘይት ርሶ ከመጣ ግን ሹፌሩን አትውቀሱት፤ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው የፈሰሰው። እሱን ሳይቀይሩ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ወንድሜ፣ አሮጌውን ዲስክ ከጋራዡ ተቀብለህ፣ ቮላኖውንም በዓይንህ እየው። ሰማያዊ ቀለም ካለ ጥፋቱ የግማሽ ፍሪሲዮን ነው።

ሌላም አለ። ስትነዳ እግርህ ፔዳሉ ላይ ያርፋል? ብዙ ሰው «አልረግጠውም፣ አስደግፈዋለሁ እንጂ» ይላል። የእግር ክብደት ብቻውን ኩሽኔታውን (ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀውን ተሽከርካሪ ዕቃ) ከስፕሪንጉ ጋር ያገናኘዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል። ፔዳሉን ስትረግጠው ዝዝዝ የሚል ድምፅ ከመጣና ስትለቀው ከጠፋ ኩሽኔታው ሊሞት ነው።

ሦስተኛውን ስታስገጥም ዲስኩን ብቻ አትቀይር። ዲስኩን፣ ተጫኙን ሳህንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይር። ቮላኖውንም ቶርኖ ቤት አስላጠው። የሚያወጣህ ካምቢዮ ማውረዱ ነው፤ ለኩሽኔታ ብለህ በስድስት ወር እንደገና ማስወረድ አያዋጣም። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለሰለሰ እግር ንዳ፤ ሸራው ከብረቱ ጋር እስኪለማመድ። በዚያ ሰሞን ጭነት አትጫን፣ ሌላ መኪና አትጎትት።

አንድ ማሳሰቢያ ለሥራ ባልደረቦቼም። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሳንባችን ተተኪ ዕቃ የለውም።

እናት በመሪ

እኔ ሱቅ አለኝ፤ ሰኞ ገበያ ነው የምውለው። በገበያ ቀን ሰው፣ ባጃጅና አህያ ተደባልቆ መቶ ሜትር ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሆኖም የኔ ፍሪሲዮን ስምንት ዓመቱ ነው።

የማደርገው ቀላል ነው። ከፊቴ ያለው መኪና ሁለት ሜትር በሄደ ቁጥር አልከተለውም። ቦታ እስኪሰፋ እጠብቃለሁ። ከዚያ አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ እለቀዋለሁ። ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳልሰጣት በሚኒሞ ብቻ እንደ ሰው እርምጃ ትሄዳለች። ሌላው አስር ጊዜ ሲነሳና ሲቆም እኔ ሁለቴ እነሳለሁ። ከኋላ ጡሩንባ ይነፉብኛል። ይንፉ። ሁላችንም እኩል ነው የምንደርሰው።

ሌላው ወንበር ነው። ወንበሬን ወደ ፊት አድርጌ ነው የምቀመጠው፤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስረግጠው ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቀራል። ወንበር ወደ ኋላ የሄደ ሰው ፍሪሲዮኑን ሙሉ አይረግጠውም። ማርሽ ሲቀይር ክርር የሚለው ለዚህ ነው። ለእህቶቼም፦ ወፍራም ሶል ወይም ተረከዝ ጫማ ለብሳችሁ አትንዱ። የፍሪሲዮኑ መያዣ ነጥብ በቀጭን ጫማ ነው ለእግር የሚታወቀው። እኔ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ጫማ መኪናው ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የመካኒካል ተማሪ

የኛን አገር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ማለትም በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ሹፌሩ ይህን ሲሰማው ምን ያደርጋል? ነዳጅ ረግጦ ሞተሩን እያስጮኸ ይነሳል። ፍሪሲዮኑን የሚጎዳው ይህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ስትነሱ ቮላኖው ይዞራል፣ ዲስኩ ቆሟል። ሁለቱ እኩል እስኪዞሩ ድረስ ይፋተጋሉ። በዚያ ፍትጊያ የሚፈጠረው ሙቀት በሞተሩ ዙር ልክ ብቻ አያድግም፤ በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው። በ1,500 ዙር የሚነሳ ሰው ከሚያመነጨው ሙቀት በ3,000 ዙር የሚነሳው አራት እጥፍ ገደማ ያመነጫል። በሁለተኛ ማርሽ የሚነሳ ሰውም ተመሳሳይ ዕዳ ይከፍላል፤ ዲስኩ ቮላኖውን እስኪደርስበት መኪናዋ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ፍጥነት ላይ መድረስ አለባት። ስለዚህ ሜዳም ይሁን ዳገት፣ መነሳት በአንደኛ ብቻ ነው። ከያዘ በኋላ ግን አትፍሩ፣ ነዳጅ ስጡት። ፍሪሲዮኑ ከተለቀቀ በኋላ የሚሰጥ ነዳጅ ሸራ አይበላም።

ሐይቅ ዳር

እኔ ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጌ ነው የምወርደው። ከሐረጎ እስከ ኮምቦልቻ ፍሪሲዮን አልነካም፣ ነዳጅም ይተርፈኛል። ለምን ይህን አትመክሩትም?

የአይሱዙ ሰው

ወንድሜ፣ ስለምትወዳቸው ስትል ተው። ይህን ምክር ለልጅ አትስጥ።

በዜሮ ስትወርድ የሚይዝህ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው አይቆምም። ያንን መንገድ የምናውቅ ሰዎች በየገደሉ የቀረውን ስንቱን አይተናል። የድሮ ሹፌሮች ሕግ አላቸው፦ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። እሱም ፍሪሲዮኑ ሙሉ ተለቅቆ ስለሆነ አንዲት ሚሊ ሸራ አይነካም።

የመካኒካል ተማሪ

ነዳጁም አይቆጥብም። ኢንጀክሽን መኪና በማርሽ ቁልቁል ስትወርድና እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ራሱ ያቆማል። በዜሮ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞ ላይ ይጠጣል። በካርቡሬተር መኪና ነገሩ ይለያል፤ እሱ ቢሆንም ለፍሬን ሲባል በዜሮ መውረድ የለበትም።

ሐይቅ ዳር

ይህን አላወቅኩም ነበር። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ከነገ ጀምሮ እተወዋለሁ።

ከድልብ በላይ

እኔ ዶልፊን ሚኒባስ ነው የምሠራው፣ ወልድያ–ላሊበላ። ቻይናዎች በሠሩት በወልድያ–ወረታ መንገድ ድልብን ወጥቶ ጋሸና የደረሰ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከኔ ልምድ፣ ፍሪሲዮን የሚያልቀው ሲቆሙ ብቻ አይደለም። ዘግይቶ ማርሽ መቀነስም ይጨርሰዋል። ሰዎች ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚቀንሱት። ያኔ መኪናው ሊቆም ደርሷል፤ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተቱ ያድኑታል። እኔ ኩርባው ሳይደርስ፣ መኪናው ገና ጉልበት እያለው፣ አንድ ማርሽ እቀንሳለሁ። ስቀንስ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቄ በፊት ነዳጁን ለአፍታ ነካ አደርገዋለሁ። የሞተሩ ዙር ከማርሹ ጋር ሲገጥም መኪናው ሳይነቀንቅ ይገባል። ተሳፋሪው እንኳ አይሰማውም።

ክረምት ላይ ጭቃ ከያዛችሁ ደግሞ በፍሪሲዮን አትታገሉ። ወደፊት ወደኋላ እያላችሁ አስር ደቂቃ ብትታገሉ የዓመት ሸራ ነው የሚቃጠለው። ውረዱ፣ ድንጋይና ቅጠል ጎማው ሥር ጎዝጉዙ፣ ሰው ጥሩ። ወሎ ውስጥ ተጣርቶ የማይመጣ ሰው የለም።

ጭነትም ይቆጠራል። ላዩ ላይ ጆንያ፣ ውስጡ ትርፍ ሰው። እያንዳንዱ ኩንታል በያንዳንዱ መነሻ ላይ ከሸራው ይቀነሳል።

ቃሉ

ለማያውቅ ሰው፣ ፍሪሲዮኑ ገና ሊያልቅ ሲል እንዴት ይታወቃል?

ጋራዥ ቧንቧ ውሃ

ወንድሜ ቃሉ፣ ለዘብ ያለ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ 50 አካባቢ ንዳና ነዳጁን በደንብ ርገጥ። የሞተሩ ዙር ወዲያው ተስፈንጥሮ ፍጥነቱ ካልተከተለው ሸራው እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ብቻ ሞክር፤ ሙከራው ራሱ ይበላዋል።

የፔዳሉንም ቁመት ልብ በል። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ሸራው ባለቀ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ላይ መጥቶ ነው የሚይዘው፤ ማስተካከያ ብሎን አለው። ፔዳሉ ሳይሠራ የሚሄዳት ትንሽ ቦታ መኖር አለባት፤ ቶዮታ ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ናት። በጣት ገፋ አድርገህ ለካት። ያቺ ቦታ ከጠፋች እግርህን ባታሳርፍም መኪናው ራሱ ፍሪሲዮኑን ግማሽ እንደረገጠ ይሄዳል። በፍሬን ዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን እይ፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ይፈሳል።

የሐረጎ ተመላላሽ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አሮጌውን ዲስክ ተቀብዬ አየሁት። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም፣ አሁን ነው ራሴም የገባኝ። የእጅ ፍሬን ሳብ ትሉኛላችሁ። የኔ መኪና የእጅ ፍሬን ከገዛኋት ጀምሮ ዳገት ላይ አይዝም። እስከ ላይ ስቤው ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ሜዳ ላይ ስለምታቆመኝ ግድ አልሰጠኝም። ዳገት ላይ ግን ስለማላምነው ሳላውቀው በፍሪሲዮን መያዝ ለመድኩ።

የአይሱዙ ሰው

አየህ ልጄ! ፍሪሲዮንህን የገደለው የእጅ ፍሬኑ ነው። ሦስተኛውን ከማስገጠምህ በፊት እሱን አሠራ።

ጋራዥ ቧንቧ ውሃ

ዋናው ይህ ነው። ጋራዥ ስትሄድ ገመዱን ብቻ ወጥሩልኝ አትበል። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎች ይፈቱ፣ ከበሮው ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ይታይ፣ እሱ ይስተካከል። ገመዱ የሚወጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ሸራው አልቆ ገመድ ብቻ ከተወጠረ በወሩ ይላላል። አስተካክለው ሲጨርሱ ጎማውን በእጅህ አዙረው፤ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ በነጻ መዞር አለበት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለችንን መያዝ ግድ ነው። የኮሮላህ ጤና የሚጀምረው ከዚያች ማንሻ ነው።

እናት በመሪ

ወንድሜ፣ ሲሠራልህ አነሳሱን ባዶ ዳገት ላይ ተለማመድ፣ ሰው በሌለበት። የእጅ ፍሬኑን ሳብ። አንደኛ አስገባ። ነዳጁን ትንሽ ስጥና ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቅ፤ የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል፣ የሞተሩም ድምፅ ሲወፍር ያዘ ማለት ነው። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ዝቅ አድርግ። ወደ ኋላ አንድ ጣት አትሄድም። ከተነሳህ በኋላ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ጨርሰህ ልቀቀው፤ እዚያ ላይ አትዘግይ። እኔ ጢጣ መንገድ ላይ እሑድ ጠዋት ሠላሳ ጊዜ ደጋግሜ ነው የለመድኩት።

የሐረጎ ተመላላሽ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

የኋላው የፍሬን ሸራ አንዱ ጎን አልቆ ነበር፤ ተቀየረ። በፊት ማንሻው አስራ ሦስት ጊዜ ቀጭ ብሎ አይዝም ነበር፤ አሁን በሰባተኛው ይይዛል። ፍሪሲዮኑ ከነኩሽኔታው አዲስ ነው፣ ቮላኖውም ተላጠ። እህቴ እንዳለችኝ እሑድ ጠዋት ከልጄ ጋር ወጥተን ተለማመድኩ፤ እሷ ከኋላ ሆና ትቆጥርልኛለች።

ትናንት ማታ ሐረጎ ላይ ያው ጭጋግ፣ ያው ወረፋ። ከፊቴ የብረት ጭነት የያዘ ተሳቢ ቆመ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ዜሮ አደረግኩ፣ ግራ እግሬን አነሳሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ስወጥረው ነው የኖርኩት። ተሳቢው እስኪርቅ ጠበቅኩና በአንደኛ ተነሳሁ። ልጄ መስኮቱን ትንሽ ከፍታ አየሩን ሳበች። «አባዬ፣ ዛሬ አይሸትም» አለችኝ።

ጋሼ፣ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፤ ከኩርባዎቹ በፊት ደግሞ ሁለተኛ። ይህ ልክ ነው?

የአይሱዙ ሰው

ልክ ነው ልጄ። ዝናብ ካለ ግን ከሐረጎ ጫፍ ጀምረህ ሁለተኛ ያዝ። ለልጅህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።